በእናትየዋ አፍ

የፍርድ ቤቱ ሠራተኞች አስተርጓሚውን «ዲክሽነሪ» ይሉታል። እሱም ስሙን አልጠላው፤ እንዲያውም ሲጠሩት አንገቱን ቀና ያደርጋል። ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉም ቀላል ቃል እያለ ከባዱን ይመርጣል፤ ደግሞ ተናጋሪው እስኪጨርስ መች ይጠብቅና! ባለቤቱ «አንተ እኮ ለነፍስህም ትቸኩላለህ» እያለች ትስቅበታለች።

ያን ቀን ዳኛዋ ፊት የቀረበችው እናት ከስፓኒሽ በቀር የምትሰማው ቋንቋ የለም። ታማ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ያለ ጠባቂ ቀርቷል ብሎ ልጇን ወስዶባታል። አሁን ድናለች፤ ልጄን መልሱልኝ ብላ መጥታለች። ስትናገር «ዴኻር» የሚል ግስ አወጣች። ይሄ ግስ መቼም የማይገባበት ጓዳ የለም፤ መተው ነው፣ ማኖር ነው፣ መፍቀድ ነው፣ አደራ መስጠትም ነው፣ ጥሎ መሄድም ነው። እሷ «ልጄን እህቴ ጋ አኖርኩት» ልትል ነበር። ዲክሽነሪ ግን «እህቴ ጋ» የሚለውን ሳይሰማ ከአፏ ነጠቀና በእንግሊዝኛ «ልጄን ጥዬው ሄድኩ» አለ።

ዳኛዋ ቀና አለች። «ጥለውት ሄዱ?»

ጥያቄው በስፓኒሽ ሲነገራት እናትየዋ ክው አለች። «ኧረ የምን ጥሎ መሄድ! እህቴ ጋ ነው ያኖርኩት!»

«ቅድም ግን ጥዬው ሄድኩ ብለዋል እኮ» አለች ዳኛዋ።

የአስተርጓሚ ደንብ የታወቀ ነው፤ «እኔ» ሲል ተናጋሪዋ ማለት ናት። ስለ ራሱ መናገር ካለበት «አስተርጓሚው» ይላል። «አስተርጓሚው ተሳስቷል» ቢል እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። ግን ያ ሁሉ ጠበቃ በተሰበሰበበት ዲክሽነሪ ተሳሳተ ሊባል? «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» አለ። እንዴት እንደሚሰማ አሳምሮ ያውቃል። ዳኛዋም እናትየዋ ያለችው መስሏት፣ ቃሏን የምትለዋውጥ ሴት ናት ብላ ጻፈች። ከዚያ ለእረፍት ተነሱ።

ኮሪደሩ ላይ እናትየዋ እየሮጠች ደረሰችበት። «እግዜር ይስጥልኝ! እርስዎ ባይኖሩ ማን ይናገርልኝ ነበር? ልጄን ይሰጡኛል አይደል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሽንት ቤት ገብቶ ፊቱን ቢታጠብ፣ ቢታጠብ፣ እፍረቱ አልለቅ አለው። የሰውን ልጅ ከእናቱ ከማስቀረት የራስን ስም ማጣት አይሻልም ወይ፣ አንተ ወራዳ! አለ ለራሱ።

ችሎቱ እንደገና ሲሰየም፣ ዳኛዋ ገና ወረቀቷን ሳትገልጥ ብድግ አለ። «አስተርጓሚው ተሳስቷል። እናትየዋ ልጇን ጥዬው ሄድኩ አላለችም፣ ተሳስቻለሁም አላለችም። የራሴን ጥፋት በእሷ አፍ ተናገርኩት።»

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «ለእሳቸውም በቋንቋቸው ይንገሯቸው» አለች።

ነገራት። ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። እስከ መጨረሻው ካዳመጠችው በኋላ ፊቷን ወደ ዳኛዋ አዞረች፤ ረጋ ብላም ተናገረች።

«ምን አሉ?» አለች ዳኛዋ።

በአዳራሹ ስፓኒሽ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ቢያለሳልሰው ማን ያውቅበታል? እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ አድርጎ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰው።

«ይህ ሰው ልጄን ሊያስቀርብኝ ነበር። ከእንግዲህ እንዲናገርልኝ አልፈልግም። አላምነውም።»

ዳኛዋ የጻፈችውን ሰረዘች። «መብታቸው ነው። ሌላ አስተርጓሚ እስኪገኝ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ተዛውሯል፤ ልጁ እስከዚያ ባለበት ይቆያል።»

እናትየዋ ከዳኛዋ ፊት ላይ ነገሩን ለመረዳት አፍጥጣ ታያለች። ልጇን ሊሰጧት መስሏት ቦርሳዋን አንስታለች። ልጁ ገና እንደማይሰጣትም የሚነግራት ከእሱ በቀር ሰው አልነበረም።