እህቴን ፍለጋ የጻፍኩት ፋንክሽን

መንትያ እህቴ ክርስትና ሳትነሣ ሞተች። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እሷ ሃምሳውንም አልሞላችም። ያልተጠመቀ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርምና አባቴ መሪጌታ ጸጋዬ ብቻቸውን ወስደው ማሳ ዳር ቀበሯት። እናቴ የኔነሽ አራስ ስለነበረች ቦታውን አላየችም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ አንዴ አጠገቧ መቀመጥ።

አባቴ ምልክት አላስቀመጡም። አሁን ደግሞ ዐይናቸው ጠፍቷል። የቀራቸው ትዝታ ብቻ ነው። "እዚያ ቆሜ ስመለከት የቤተ ክርስቲያኑ መስቀል ከዝግባው በላይ ይታየኝ ነበር። ዞር ስል ደግሞ የጉና ተራራ ጫፍ ከምንጩ ቋጥኝ በላይ።"

የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ሙያዬ ነውና ይኸ ለእኔ የሁለት መስመር ጥያቄ ነው፤ አንዱ በመስቀሉና በዝግባው፣ ሌላው በጉናና በቋጥኙ የሚያልፍ። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ላፕቶፔን ይዤ መጣሁ። የጉናን ነጥብ ከካርታ፣ የቀሩትን በእግሬ ዞሬ በስልኬ ወሰድኩ። ከዚያ መስመሮቹ የሚገናኙበትን አስልቶ የሚመልስ ፋንክሽን፣ አጭር ኮድ፣ ጻፍኩ። ጨርሶ የማይገናኙ ከሆነም "የለም" እንዲል አዘዝኩት፤ ያችን ቃል አንዴ አጥፍቼ ደግሜ ጻፍኳት። ውጭ ጉም ወርዷል። ዐይኔን ስጨፍን ሁለቱ መስመሮች በጉሙ ውስጥ ቀስ ብለው ሲሄዱ፣ መጨረሻቸው ላይ እኔን የምትመስል ልጅ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ይታየኛል።

መልሱ ገደል ውስጥ ወደቀ።

"ልጄን ገደል አልጣልኳትም!" አሉ አባቴ።

ኮዱን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ስህተት የለበትም። "እንግዲያው የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት!" ብዬ ጮህኩባቸው። እስካሁን ያሳፍረኛል።

የደረሰችልን እናቴ ናት። "መሪጌታ፣ በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ እየተሠራ አልነበረም እንዴ? ማኅሌት የሚቆሙት እኮ መቃኞው ውስጥ ነበር።" መቃኞ ሕንጻው እስኪያልቅ ታቦቱ የሚያርፍበት ቤት ነው፤ መስቀሉም እዚያ ጣሪያ ላይ ይተከላል።

"ታዲያስ! ታቦቱ ያለበት አይደል ቤተ ክርስቲያን?" አሉ አባቴ። ለእሳቸው ምንም ልዩነት አልነበረውም።

የመቃኞው መሠረት አሁንም ከቁልቁለቱ ላይ አለ። ሄጄ ለካሁትና በአሁኑ ሕንጻ ነጥብ ፈንታ አስገባሁት። አዲሱ ነጥብ ገብስ ከታጨደበት ማሳ ዳር አረፈ።

አባቴን በክንዳቸው ይዤ፣ እናቴ ከኋላችን ሆና ወጣን። ጉሙ ገና ስላልለቀቀ የምንራመድ ሳይሆን የምንንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። "እዚህ ነው" አልኩ። ሙያዬ ግን አላስዋሽ አለኝ። "እማዬ፣ ስልኩ አራት አምስት ሜትር ሊሳሳት ይችላል።"

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ተነሣችና አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብላ ደግማ ተቀመጠች። ከዚያም እንደገና።

"እናንተ ሂዱ" አለች። "እኔ ሁሉም ጋ እቀመጣለሁ።"