የላምባ ሳጥኑ ቀፎ

ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ገና ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል፣ አብዱልሃኪም የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነበር። ከወሎ የመጣ፣ እጀ ወርቅ፣ አንድ ነገር ልቡ ከገባ ግን እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። በዚያ ክረምት ልቡ የገባው ንብ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሚስማር ሊገዛ ከገባበት ከአንድ ግሪክ ሱቅ ነው። ጥግ ላይ አንድ የተላገ ሳጥን አየ። ክዳኑን ሲያነሡት፣ እየተመዘዙ የሚወጡ የእንጨት ክፈፎች በውስጡ ተደርድረዋል። ባለሱቁ የፈረንጅ ቀፎ መሆኑን፣ ንቧ የማር እንጀራዋን በየክፈፉ ላይ እንደምትሠራ፣ ማር ሲቆረጥም ቀፎው እንደማይፈርስ አስረዳው። ዋጋው ግን ደህና በቅሎ ይገዛል። አብዱልሃኪም ሳቀና ሚስማሩን ብቻ ገዛ። ከመውጣቱ በፊት ግን ርዝመቱንና ወርዱን በስንዝር ለካ።

ከዚያ ወዲያ ላምባ ቸርቻሪዎቹን እየለመነ የላምባ ጣሳ የሚመጣበትን ባዶ የእንጨት ሳጥን ይሰበስብ ጀመር። ጣውላውን ፈታ፣ ላገ፣ ገጠመ። ክፈፎቹን ለኮርቻ ከማይበቃ ቁራጭ እንጨት አወጣ። ከተራፊ ቆዳ ደግሞ እስከ ክርኑ የሚደርስ ጓንት ሰፋ። ጳጉሜ ላይ ቀፎው አለቀና ከጓሮው ኮሽም ሥር አስቀመጠው።

ንብ ግን ዝር አላለችም። አደይ ፈነዳ፣ ንቦች በጓሮው ላይ እያለፉ ይሄዳሉ፣ ወደ ሳጥኑ ዞር ብላ ያየች የለችም። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ወልደጊዮርጊስ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ፣ ንቦቹ ፋኖስ እስኪገዙ ነው የሚጠብቁት ይለዋል። አብዱልሃኪምም አብሮት ይስቃል።

አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ሚስቱ ነሲባ ሳጥኑን ገልብጣ በአመድ ውሃ ስትፈትግ አገኛት። አጠገቧ እበት በጭቃ ተለውሶ ተቀምጧል። ያን ያህል የደከመበትን ጣውላ እበት ልትቀባው መሆኑን ሲያይ ደነገጠ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሳጥንዎ ላምባ ላምባ ይሸታል። እኔስ ንብ ብሆን እገባበታለሁ?» አለች ቀና ሳትል።

ስንጥቁን ሁሉ በእበት ደፈነች። ፀሐይ ላይ አደረቀችው፣ በወይራ ጭስ አጠነችው፣ ክፈፎቹን በሰም አሸች፣ ውስጡን በጠጅ ሣር ጠረገች። አብዱልሃኪም ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቀች ጠየቃት። በአባቷ ቤት ሃያ ቀፎ እንደነበረና ጭስ ያዥዋ እሷ እንደነበረች ነገረችው።

«ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ኖረዋል።

የደመራ ዕለት ረፋድ ላይ ባላምባራስ ገነነ የሚባሉ ደንበኛው አዲሱን ኮርቻቸውን ሊወስዱ መጡ። ኮርቻው ከቤቱ ፊት ባለው ሱቅ በረንዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። በቅሏቸው ገና ከደጅ ሳትደርስ ሰማዩ እንደ ወፍጮ አጉረመረመ፤ የንብ መንጋ እየተጥመለመለ ወረደና ኮርቻው ላይ ሰፈረ። ከአፍታ በኋላ ኮርቻው አልታይ አለ። ባላምባራስ ከመንገዱ ማዶ ቆመው፣ በበቅሎ አንገት ተከልለው፣ ከሰዓት በኋላ ደመራ ላይ መገኘት እንዳለባቸው ጮክ ብለው አስታወሱ።

አብዱልሃኪም ጓንቱን አጥልቆ ሁለት እርምጃ ሄደና ወደ ኋላ ተመለሰ። ነሲባ ሻሿን ፊቷ ላይ አሥራ፣ የሚጤስ ወይራ በገል ይዛ፣ ያለ ጓንት ወጣች። ቀፎውን ከጓሮ አምጥታ፣ ክዳኑን ከፍታ ከኮርቻው ሥር አስቀመጠችና መንጋውን ውሃ ረጨችው።

«ጭሱን ይያዙልኝ። አይሩጡ፣ እጅዎን አያወናጭፉ» አለችው ባሏን።

ኮርቻውን አንድ ጊዜ መታ ስታደርገው መንጋው እንደ እህል ተዘርግፎ ቀፎው ውስጥ ወደቀ። የቀሩትን በዶሮ ላባ እየጠረገች፣ ጎንበስ ብላ በዓይኗ ፈለገች፣ ፈለገች፤ ከዚያ ፊቷ በራ።

«አውራዋ ገብታለች። ሌሎቹ ይከተላሉ።»

እውነትም ተከተሉ። ክዳኑን ስትገጥመው በሰልፍ፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ፣ በቀፎው ትንሽ ቀዳዳ ገቡ። አንዲቷ ብቻ የአብዱልሃኪምን ጆሮ ነደፈች፤ እሱ ግን ጭሱን አልለቀቀም። ጆሮው ቀልቶ እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር። ባላምባራስ ኮርቻቸውን ሦስት ጊዜ አስመርምረው ጫኑ፤ ደመራው ዘንድ ሲደርሱም ከስንቱ ኮርቻ ንብ የመረጠችው የእሳቸውን መሆኑን ላገኙት ሁሉ አወሩ። በዚያ ሰሞን ኮርቻ የሚያሠራ በዛ።

ታኅሣሥ ላይ ክዳኑን ሲከፍቱ አምስት ክፈፎች በማር ሞልተዋል። አብዱልሃኪም ሁሉንም ሊያወጣ እጁን ሲሰድ ነሲባ ያዘችው። ሁለቱን ብቻ አስነሣችው፤ የቀረው የባለቤቶቹ ነው አለችው። ማሩ ነጭ ነበር። አንድ ሣህን ለወልደጊዮርጊስ ቤት ሄደ፤ ሰሙንም አቅልጠው አብረው ላኩለት። ልብስ ሰፊው ያን ቀን ቀልድ አልወጣውም። ሰሙን በሁለት እጁ ተቀብሎ አሸተተው፣ አመሰገነ፣ ከዚያ መርፌውን አስቀምጦ ለገና የሚበራ ጧፍ ይገምድ ጀመር።