የበጓ ሐኪም

ሰው በበግ ይቀናል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ቀንቻለሁ። በጓን ምጥ ሲይዛት ባሌ መኳንንት ፈረሱን ጭኖ ጋለበና ለቀበሌያችን የተመደበውን የከብት ሐኪም ይዞት መጣ። በጓንም ብርድ እንዳይነካት በባና ሸፈናት። በእኔ ባና፣ እናቴ ፈትላ ባሠራችልኝ! ሐኪሙ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ጓንት አጥልቆ፣ የተጣመመውን ግልገል አቃንቶ አወጣው። "ጎበዝ እናት!" አላት። እኔን እንዲህ ያለኝ የለም።

አምና እኔ ሳምጥ ጎረቤቱ ተሰብስቦ "ማርያም፣ ማርያም" አለ እንጂ ፈረስ የጫነ አልነበረም። ልጄን ሳላቅፈው ቀበሩት። ዘንድሮም እርጉዝ ነኝ።

ሐኪሙ እንደሄደ፣ "ለእኔስ ያን ጊዜ ለምን አልጋለብክም?" አልኩት ባሌን።

አንገቱን ደፋ። "ወዴት ልጋልብ፣ ጥሩሸዋ? አዋላጅ ያለችው መሐል ሜዳ ከተማ ነው። በቃሬዛ ብናወጣሽ መንገድ ላይ ትቀሪብን ነበር። እዚህ የተመደበልን የከብት ሐኪም ብቻ ነው።"

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ ይብስ አንገበገበኝ። ባናዬን ከበጓ ላይ ገፍፌ ራሴ ለበስኩት።

"እንግዲያው ምጤ ሲመጣ ጉረኖ አስገባኝና፣ በጌ አማጠች ብለህ ጥራው" አልኩት።