ወጥተው ሲሄዱ የሚጨምር ዋጋ

ተካልኝ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ በጅምላ መሸጥ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ዕቃ በተጠራለት ዋጋ ገዝቶ አያውቅም። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ዕቃውን ያያል፣ ይዳስሳል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። ከበሩ ሦስት እርምጃ ሳይርቅ ይጠሩታል። ካልጠሩት በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣና እንደገና ይወጣል። በሦስተኛው ቀን የማይቀንስ ሻጭ ናይሮቢም ሆነ ዱባይ አላጋጠመውም።

ስለዚህ በዚያ የኅዳር ሳምንት የደረሰበት ነገር ግራ ቢያጋባው አይፈረድበትም።

ሰኞ ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስቱራ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የአንድ የኮምፒዩተር ጌም ዋጋ አየ። ሠላሳ ሰባት ዶላር ከአርባ ዘጠኝ ሳንቲም ይላል። ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ማክሰኞ ተመለሰ፤ ዋጋው ያው ነው። ደረጃውን ቀስ ብሎ ወረደ፣ ታች ሲደርስም ምናልባት ብሎ ትንሽ ቆመ። ረቡዕ ሲመለስ ዋጋው ሃምሳ ዶላር ሊሞላ አንድ ሳንቲም የቀረው ሆኖ ጠበቀው።

"የቱ ገበያ ነው ገዢ ወጥቶ ሲሄድ ዋጋ የሚጨምረው?" አላት መስቱራን።

መስቱራ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ተካልኝ ዱባይ ላሉት ደንበኞቹ የሚልከውን ኢሜይል ሁሉ የምታስተካክልለት እሷ ናት። በትዕግሥት አስረዳችው። ቅናሹ እስከ ማክሰኞ ብቻ ነበር፤ ከላይ በቀይ ተጽፎ ነበር። ደግሞ ዘንድሮ አዳዲሶቹ ጌሞች ሁሉ ተወደዋል፣ አርባ ይባል የነበረው ሃምሳ ገብቷል። ተካልኝ ካርቶን አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። የለውም። ሲዲስ? የለውም። መርከብ፣ ቀረጥ፣ መጋዘን? እነሱም የሉም።

"ታዲያ ምኑ ነው የተወደደው?"

እሱን እሷም አታውቅም።

ጌሙን የፈለገው ለራሱ አልነበረም። ልጁ ኪሩቤል ለትምህርት ማሌዢያ ከሄደ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአባቱ ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጠም። እሑድ እሑድ ይደውላል። እናቱ ሠናይት ታናግረዋለች፣ እህቱ ሮሃ ታናግረዋለች። ተካልኝ ስልኩ ሲጮኽ ጫማውን ያጠልቅና ወደ ግቢ ወጥቶ የመኪናውን ጎማዎች አንድ በአንድ ያያል። ማንም ውጣ አላለውም። ግን እቤት ተቀምጦ "አባትህን ላቅርብልህ?" ሲባል ከዚያ የሚመጣውን ዝምታ ከመስማት ጎማ ማየት ይሻላል።

ጠቡ የመጣው በኮምፒዩተር ነው። ኪሩቤል ሁለት ዓመት ሙሉ ከመሃል ከተማ ሱቆች አንዱን ዕቃ ዛሬ፣ ሌላውን በወሩ እየለቃቀመ አንድ ትልቅ ጥቁር ኮምፒዩተር ገጣጥሞ ነበር። የፎርም ፎር፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ ውጤቱ ዝቅ ብሎ የመጣ ዕለት ተካልኝ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ወርዶ ሸጠው። ስንት እንደሸጠው ለማንም አልተናገረም።

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ሮሃ ስለ ወንድሟ ስታወራ ነበር። "ጓደኞቹ ኦልሬዲ አዲሱን ጌም ገዝተዋል። ኪሩ ግን ኢትስ ቱ ማች ብሎ ትቶታል። አሁን ብቻውን ነው" አለች ለእናቷ። ተካልኝ ያልሰማ መስሎ እንጀራውን ጨረሰ። ሲነሳ ግን የጌሙን ስም ጠየቃትና ከደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈው። የኪሩቤል ሃያኛ ዓመት ልደት ቅዳሜ ነበር።

መጀመሪያ የሄደው መሃል ከተማ ነው። አንድ ሻጭ ጌሙን በሲዲ ሁለት መቶ ሽልንግ አለው፤ ተካልኝ ወጥቶ ሄደ፣ ተጠራ፣ በመቶ ሃያ ገዛው። ደስ ብሎት ቤት ቢያመጣው ሮሃ ሳቀችበት። "አባዬ፣ ይሄ ፌክ ነው። ከሰው ጋር ኦንላይን አያጫውትም። ደግሞ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ጌም የምትጫወተው?" ለምን እንደፈለገው አልነገራትም። እሷ ግን የገባት ይመስላል፤ ትክክለኛው ጌም በኢንተርኔት እንደሚሸጥ፣ ለሌላ ሰው በስጦታ ሊላክ እንደሚችል ነገረችውና የኪሩቤልን ኢሜይል በወረቀት ጽፋ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። ስጦታው ማሌዢያ የሚደርሰው በዚያችው ደቂቃ ነው መባሉ ተካልኝን ምንም ሊገባው አልቻለም። የጭነት ዋጋ አለመኖሩ ግን ደስ አሰኘው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ መስቱራ ቤት ለአራተኛ ጊዜ ወጣ። ዋጋው ንቅንቅ አላለም። ነገ ልደቱ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ተመላልሶ የለም። መስቱራ ገጹን ከፈተችለት፣ የኪሩቤልን ስምና ኢሜይል ሞላች፣ የባንክ ካርዱን ቁጥር አስገባች። ከዚያ ፎቶ ኮፒው ወረቀት ነክሶ ቆመና ሰዎች ሲጠሯት "መልእክትዎን እዚህ ይጻፉ፣ የሰው መልእክት እኔ አላነብም፤ ሲጨርሱ ይቺን ይጫኑ" ብላው ሄደች።

ተካልኝ ባዶውን ሳጥን ሲያይ ልቡ መለስ አለ። ይኸው፣ ሻጩ መጣ። ዱባይ ላሉት ነጋዴዎች ሲጽፍም እንዲህ ነው፤ ከዕቃው ዝርዝር በታች ስለ ዋጋ የሚነጋገሩበት ቦታ አይጠፋም። እንግሊዝኛው ለክርክር አይበቃም፤ ግን ዱባይም፣ የቻይናው ጓንጁም አማርኛ የሚያውቅ ሰው አጥቶ አያውቅም፣ በዓለም ሁሉ የሚሸጥ ሱቅ ደግሞ አንድ እንኳ አያጣም። በሁለት ጣቱ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በአማርኛ ጻፈ፤

"ሰላም ወንድሜ። ተካልኝ እባላለሁ፣ ናይሮቢ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ሦስት ቀን ተመላልሼ ዕቃችሁን አየሁ፤ አልጠራችሁኝም። የመጨረሻውን ዋጋ ንገረኝ። ገንዘቡ ጠፍቶ አይደለም፤ አባትህ ሳይከራከር ገዛ ቢሉት ልጄ እኔ መሆኔን አያምንም።

ለልጄ ነው። ኮምፒዩተሩን እሱ ሳይኖር ሸጥኩበት። ገዢው ሰውዬ አሥራ ስምንት ሺ ሽልንግ አለኝ፣ እሺ አልኩት። አንድ ጊዜ እንኳ አልተከራከርኩም። ተናድጄ ነበር። ሰውየው ማታቱ ታክሲ ውስጥ ሲገባ መልስልኝ ልለው አስቤ አፈርኩ። በማግሥቱ ፈልጌ አጣሁት። ይህን ለልጄ አልነገርኩትም፣ አሁን እንዴት እንደሚነገር አላውቅም።

ስለዚህ ብትቀንስልኝ ደስ ይለኛል። ባትቀንስም መልስ ስጠኝ፤ ዝም አትበለኝ።"

መስቱራ ያሳየችውን ምልክት ተጫነና እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መልስ ጠበቀ። ገጹ ተለወጠ። መስቱራ ተመልሳ እያየች "አለቀ፣ ተከፍሏል" አለችው።

"ስንት?"

"አርባ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ።"

"አልመለሰልኝም እኮ።"

"ማን ጋሼ?"

ተካልኝን ነገሩን ማብራራት አሳፈረው። የኢንተርኔቱን ሂሳብ ከፍሎ ወረደ። ሻጩ መልእክቱን እንኳ ሳያነብ ገንዘቡን እንደወሰደ፣ አንብቦም ከሆነ እንዲህ ያለ ነገር ለማያውቀው ሰው መጻፉ ምን ዓይነት ቂልነት እንደሆነ እያሰበ አደረ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አንዲት ደንበኛ ከመደርደሪያው ሦስት ጥቅል አስወርዳ ዋጋ ስትጠይቀው ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አያውቀውም።

"ጋሽ ተካልኝ ነዎት?" አለ የወንድ ድምፅ፤ ከሩቅ ነው፣ ይቆራረጣል።

"ነኝ።"

"ከጌም ሱቁ ነው። መልእክትዎ ደርሶናል።"

ተካልኝ አማርኛ የሚያውቅ አያጡም ያለው ልክ በመሆኑ ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ። ገንዘቡን ትናንት ወስዶ ዛሬ መደወል የምን ንግድ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀና ስንት እንዲቀነስለት እንደሚፈልግ ጠየቀው።

"አርባ አድርጉት።"

"አይቻልም።"

"አርባ ሁለት።"

 

"እውነት አሥራ ስምንት ሺ ነው የሸጥከው?" አለ ድምፁ።

ተካልኝ ጥቅሉ ላይ ቁጭ አለ። ደንበኛዋ አየችው።

"የግራፊክስ ካርዱ ብቻ ሃያ ሁለት ሺ ያወጣ ነበር፣ አባዬ።"

"አላወቅኩም።"

"ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

"ብጠይቅህማ አልሸጠውም ነበር።"

ተካልኝ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው። ደቂቃው ይቆጥራል።

"በማግሥቱ ፈልገኸዋል?"

"ሦስት ቀን ፈለግኩት። ለእናትህም አልነገርኩ።"

ኪሩቤል እንደ ነጋዴ ሊያወራ ሞከረ። በውድ እንደገዛ፣ ለፈረንጆቹ ገና ቅናሽ ስለሚመጣ አንድ ወር ቢጠብቅ ኖሮ በግማሽ ዋጋ ያገኘው እንደነበር ነገረው።

"ልደትህ ዛሬ ነው" አለ ተካልኝ።

ደንበኛዋ መልስ ስታጣ ጥቅሎቹን ትታ ወጣች። ሦስት እርምጃ ሄዳ ቀስ አለች፣ ዞር ብላም አየች። ተካልኝ ያቺን አረማመድ ከማንም በላይ ያውቃታል። አልጠራትም።

"አንድ ነገር ግን አልገባኝም" አለ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው እያዞረ። "ሻጩ አንተን እንዴት አገኘህ?"

"ሻጭ የለም እኮ አባዬ።"

"ታዲያ ገንዘቡን ማን ወሰደው?"

ኪሩቤል ሳቀ፤ አባቱ ያንን ሳቅ ከሰማ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሱቁ ማሽን እንደሆነ፣ ሳጥኑ ስጦታ ለሚቀበለው ሰው የሚጻፍበት እንደሆነ በዝርዝር አስረዳው። ተካልኝ ግማሹ ገባው፣ ግማሹ ጭራሽ አልገባውም። ማስረዳቱ ሊያልቅ እንደሆነ ከልጁ ድምፅ ሲያውቅ ግን ቸኮለ።

"አልያዝኩትም" አለው። "እስቲ እንደገና፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ።"