ለጎረቤት የሚሆን ክር

እጇ የተሰበረው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። እርጥቡ ወለል ላይ አዳለጣት፣ በግራ እጇ ልትደገፍ ሞከረች፣ አንጓዋ ቀጭ አለ፤ በቃ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ይጮኻል። እሷ ግን ማን ይሰማኛል ብላ አልጮኸችም። በአንድ እጇ እንደምንም ቀሚሷን ለበሰች፣ በዚያው እጅ በሯን ቆለፈች፣ ታክሲ ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች።

ውሸቱ የተወለደው እዚያ ነው። ነርሷ "አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?" ብትላት፣ "ጎረቤቴ ውጭ እየጠበቀችኝ ነው" አለች። ለምን እንዲህ እንዳለች ራሷም አታውቅም። ነርሷ "ጥሩ" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ነገሩ በዚያው ቢያልቅ ደግ ነበር።

አላለቀም። በማግስቱ ታላቅ እህቷ ደውላ የሆነውን ስትሰማ ስልኩ ውስጥ ጮኸች።

"ብቻሽን ነሽ? በይ ልጄን በመኪና እልከዋለሁ። እቃሽን ጭኖ ያመጣሻል፤ ከእንግዲህ እኔ ቤት ነው የምትኖሪው!"

"ኧረ ብቻዬን አይደለሁም እትዬ። ጎረቤቴ አለችልኝ።"

እህቷ ደግ ሴት ናት፤ ችግሩም እሱ ነው። እሷ ቤት መብራት የሚጠፋው እሷ ስትተኛ፣ ሬዲዮ የሚከፈተው እሷ ሲያሰኛት ነው፤ እንግዳ የሚተኛው ደግሞ ከልብስ ስፌት መኪናውና ካልተተኮሰው ልብስ ክምር ጋር ነው። ታናሽየዋ ባሏ የሞተ ጊዜ ጥቂት ወራት እዚያ ከርማ አይታዋለች። የተከበረች ነበረች፣ የጠገበች ነበረች፣ አንድ ቀን ግን መስኮት ልክፈት ብላ ፈቃድ ስትጠይቅ ራሷን ሰማችውና እንባዋ መጣ። ይቺ ሁለት ክፍል ቤቷ፣ ጠባብም ብትሆን፣ መስኮቷ የራሷ ነው። ከዚህ ቤት በቁሟ መውጣት አትፈልግም።

ስለዚህ ጎረቤትየዋ ማደግ ነበረባት። እዚህ ላይ የሴትዮዋ ሙያ ረዳት። ዕድሜ ልኳን የስልክ ቤት ሠራተኛ ሆና ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው፤ ሰላምታዋ እንኳ "ሃሎ" ስለሆነ የሕንፃው ሰው ከኋላዋ "እትዬ ሃሎ" ይላታል። በስልክ የሚዋሽ ሰው የሚያዘው ወሬ ሲያሳጥር እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። እህቷ በየቀኑ ስትደውል አላሳጠረችም። ጎረቤትየዋ ሾርባ ሠርታ አመጣች፤ ጨው አበዛችበት። ጎረቤትየዋ ጉልበቷን ያማታል፣ ሆኖም ሳቂታ ናት። ጎረቤትየዋ ፀጉሯን አጠበችላት፤ ሳሙናው ዓይኗ ገባ። ፀጉሯንማ የታጠበችው ራሷ ናት፣ በአንድ እጇ፣ ጀሶውን በፌስታል ጠቅልላ። ከዚያ ሁሉ ወሬ እውነቱ የሳሙናው ብቻ ነበር።

እህቷ ሁሉንም አመነች። ማመን ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ወደደቻት።

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ማለት ይሄ ነው! እሑድ ራሴ መጥቼ አመሰግናታለሁ። ባዶ እጃችንን ግን ነውር ነው። ክር ግዢና ጀሶሽ ሲፈታ አንድ ደህና ሹራብ ሥሪላት። ቀለሙን ራሷ ትምረጥ፤ አብራችሁ ሂዱ።"

"እሺ እትዬ።"

እሺ ከማለት ሌላ ምን ትበል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይሄኛው ደግሞ ለእሑድ ቀጠሮ ይዟል።

እንግዲህ እትዬ ሃሎ በማግስቱ ጠዋት፣ ለሌለች ሴት ክር ልትገዛ ወጣች።

ጎረቤት የሚባል ጨርሶ አልነበራትም ማለት አይደለም። ከበሯ ፊት ለፊት አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ትኖራለች። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች፣ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ አንገት ይነቀነቃል። ቤቱን የተከራየች ሰሞን መጥታ አንኳኩታ፣ መዶሻ ታውሳት እንደሆነ ጠይቃ ነበር። እትዬ ሃሎ በሩን ሳትከፍት "መዶሻ የለኝም" አለቻት። መዶሻው በሩ ሥር፣ ከጃንጥላው አጠገብ ተቀምጧል። ክፉ ሆና አይደለም፤ በር መክፈት ከተወች ቆይታ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋም ከዚያ ወዲህ አላንኳኳችም።

አውቶቡስ ላይ አንድ ሰው ጀሶዋን አይቶ ተነሣላት። አመሰገነችው፤ እጇ እንዴት እንደተሰበረ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ማታ ማታ እንዴት እንደሚያሳክካት ልትነግረው ጀመረች። ሰውየው በትሕትና ፈገግ ብሎ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ከተተ። ቀሪውን መንገድ በመስኮት ስታይ ሄደች።

ክር ቤቱ ግን ደስ አሰኛት። ከወለል እስከ ጣሪያ በቀለም የተሞላ መደርደሪያ፣ የሱፍ ሽታ፣ መሰላል ላይ ቆማ ካርቶን የምታወርድ ባለሱቅ። ከጀሶው ጫፍ ብቅ ያሉትን ጣቶቿን ለስላሳው ክር ውስጥ አስገባቻቸው። ከሐኪሙ በቀር ማንም ያልነካቸው ጣቶች ናቸው፤ ዝም ብላ እዚያው አቆየቻቸው።

"ምነው እትዬ ጠፉ? እጅዎን ምን አገኘው?" ባለሱቋ ከመሰላሉ ወረደች። "ደግሞ በዚህ እጅ ሊሠሩ ነው?"

"ሲፈታ ነው። ለጎረቤቴ ሹራብ ልሠራላት ብዬ። ስታስታምመኝ ከርማ።"

"ጎረቤት እንዲህ ነው! የኔዎቹ ብሞት እንኳ የሚያውቁት ሱቁ ሲዘጋ ነው። ቁመቷ?"

"እኔን ታህላለች።"

"መልኳስ?"

"ጠይም።"

"ምን ቀለም ትወዳለች?"

እትዬ ሃሎ ጣቶቿን ከክሩ ውስጥ አወጣች። ጉልበቷን ሰጥታታለች፣ ሳቋን ሰጥታታለች፣ ጨው ማብዛቷን ሳይቀር ሰጥታታለች፤ የምትወደውን ቀለም ግን አንድም ቀን አላሰበችውም። የሚወዱት ሰው ምን እንደሚወድ አለማወቅ የሚያሳፍር ነገር ነው። እሷም የምር አፈረች፣ ሴትዮዋ ያለች ይመስል።

"ይደውሉላታ!" አለች ባለሱቋ።

"ሥራ ላይ ናት።"

"የት ነው የምትሠራው?"

"ዳቦ ቤት።" ከየት እንደመጣባት ሳታውቅ ከአፏ ወጣ።

"እንግዲያማ ነጭና ነጣ ያለውን ይተዉት። ዱቄት ውስጥ የሚውል ሰው ደማቅ ነው የሚያምረው።" ባለሱቋ ጓዳ ገብታ ወይን ጠጅ ክር ይዛ ወጣች፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት ውስጡ ቀይ የሚል። "የቀረኝ ግን ቱባው ነው። እርስዎ ሁልጊዜ ተጠቅልሎ ኳስ የሆነውን እንደሚወስዱ አውቃለሁ። መጠቅለያ ማሽኔም ተበላሽቷል።"

ቱባ እንደ ትልቅ ቀለበት የተዘረጋ ክር ነው። አንዱ ሰው በሁለት እጁ ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ይጠቀልላል። ብቻውን የሚኖር ሰው ቱባ አይገዛም። እትዬ ሃሎ ባሏ ከሞተ ወዲህ ገዝታ አታውቅም።

"ለነገሩ ምን ችግር አለው?" አለች ባለሱቋ እየቋጠረችላት። "ጎረቤትዎ ትይዝልዎት የለ!"

"አዎ" አለች እትዬ ሃሎ። "ትይዝልኛለች።"

ቤቷ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቱባውን ወንበር መደገፊያ ላይ አጠለቀችው። ከእጅ አይሻል ዶማ! ወንበር ክሩን ሲስቡት አይሰጥም፣ ሲያጠብቁበት አያላላም። ጥቂት እንደጠቀለለች ወንበሩ ወደ ፊት ዘመመ፣ ቱባው በአንድ ወገን ሾለከ፣ ክሩ እርስ በርሱ ተያያዘ። በደህና እጇ ልትፈታው ብትጎትት ባሰበት።

"ያዢልኝ እንጂ!" አለች ጮክ ብላ።

ከዚያ ለማን እንደተናገረች ገባት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ያለቀሰችው ለእጇም፣ ለእሑድም አልነበረም። ያቺ ሾርባ የምታመጣ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናፈቀቻት። ያልነበረች ሴት እንዲህ ትናፍቃለች ብላ አስባ አታውቅም።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ፊት ለፊት ቁልፍ ገባ፣ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። እትዬ ሃሎ ፊቷን በቀሚሷ ጠረገች። የተያያዘውን ክር ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ ሐሳቧን እንዳትቀይር ቶሎ አንኳኳች።

"ማነው?"

ለስንት ሺህ ሰው "ማን ልበል?" ያለች ሴት ዛሬ ተጠያቂዋ ራሷ ሆነች።

"ጎረቤት ነኝ።"

 ድምፁ ከበሩ ወዲያ መጣ።

"መዶሻ የለኝም።"

ይገባኛል አለች በልቧ። መመለስም ከጅሏት ነበር፤ በሯ ከኋላዋ እንደተከፈተ ነው። ግን በዚያ በር ገብታ ያንን ወንበር ማየት አልቻለችም።

"መዶሻስ እኔ ጋ አለ" አለች። "ያኔም ነበረኝ። ዛሬ የቸገረኝ እጅ ነው እህቴ።"

በሩ ተከፈተ። ዳቦ ጋጋሪዋ በካልሲ ቆማለች፤ ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ። ጀሶውን አየች፣ ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለውን ጉድ አየች።

"እኔ ሹራብ አልችልም።"

"መቻል የለበትም። እንዲህ ዘርግቶ መያዝ ብቻ ነው።"

"ደክሞኛል፤ ተቀምጬ ከሆነ ይግቡ።"

መጀመሪያ የክሩን ውል ፈለጉ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ አግኝታ በጥርሷ ቋጠሮ ፈታች። ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋች። ቱባው ሲጠልቅባት እትዬ ሃሎ በቀኟ ትጠቀልላለች፣ ኳሱን ከጀሶው ብቅ ባሉት ጣቶቿ ትይዛለች። ክሩ ሲመጣ የሴትዮዋ እጆች ሳይነገራቸው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላሉ።

የእትዬ ሃሎ ስልክ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። ኳሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አነሣችው። የእህቷን ድምፅ ለመስማት ጆሮ ማስጠጋት አያስፈልግም፤ ክፍሉን ሞላው።

"ገዛችሁ? ያቺ ጨው አብዢዋ ጎረቤትሽስ? ጉልበቷ እንዴት ዋለ? ቀለሙን ወደደችው?"

ዳቦ ጋጋሪዋ ቀና ብላ አየቻት። እጆቿ ክሩ ውስጥ እንደታሰሩ ናቸው፤ ከጥፍሮቿ ሥር ሊጥ ደርቋል። እትዬ ሃሎ እስከዛሬ ለእህቷ ጥያቄ መልስ አጥታ አታውቅም፤ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አሁን ግን አታውቅም።

"ቆዪ እትዬ" አለች። "ልጠይቃት።"