ሦስቴ የተቀቀለው ቢሉም

ለወንድሟ ለኪያጊ የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድለት፣ ሕፃኑ የሚተኛበትን ቢሉም መሥራት የአክስቲቱ የኦሪፔ ድርሻ ነበር። ከጎሮካ ከተማ በላይ ባለው በዚያ መንደር ሕፃን ሁሉ የሚያድገው ቢሉም በሚባል የተንጠለጠለ የክር ከረጢት ውስጥ ነው። ክሩ የዛፍ ልጥ ነው፤ በራቁት ጭን ላይ ይከረራል።

ኦሪፔን ያሳሰባት ጭኗ ነበር። ኤችአይቪ በደሟ እንዳለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዋና ከተማው ፖርት ሞርስቢ በኖረችባቸው ዓመታት ጎረቤቶቿ ኩባያዋን ለብቻ ያስቀምጡላት ነበር። መንደሯ ስትመለስ ኩባያ የለየባት የለም፤ ሰላምታው ብቻ ትንሽ ራቅ ብሎ ይመጣል። ከገበያ የሱፍ ክር ገዝታ ብትሠራው ማንም ቅር አይለውም፣ እንዲያውም እፎይ ይላሉ። አንድ ቀን ሙሉ አሰበችበትና ልጡን አነሣች።

ሁለት ወር ፈጀባት። የወንድሟ ሚስት ሎሊን ቢሉሙን ተቀብላ ቀይ መስመሮቹን አደነቀች፣ አመሰገነች፣ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ሕፃኑ ግን በጨርቅ መታዘሉን ቀጠለ። ኦሪፔ ወደ ስኳር ድንች ማሳዋ ስትሄድ በየጠዋቱ በደጃቸው ታልፋለች፤ ዓይኗም ሳትፈልግ ወደ ምስማሩ ይሄዳል። ለወንድሟ አልነገረችውም። እሱ ተቆጥቶ ልጁ ቢሉሙ ውስጥ ቢገባ ምን ይረባታል?

በአራተኛው ሳምንት ምስማሩ ባዶ ነበር። ቢሉሙ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ቀዩ ወደ ሮዝ ሄዷል፣ ማንገቻውም ተፈትቷል። ሎሊን ስታያት ደነገጠች። መጀመሪያ ጭቃ ነክቶት ነው አለች፤ ከዚያ እውነቱን አወጣችው። ቀቅላዋለች።

«ስንት ጊዜ?» አለች ኦሪፔ።

«ሦስቴ። መጨረሻ ላይ ጨው ጨመርኩበት።»

«ጎመኑን ምነው ረሳሽው ታዲያ?»

ሎሊን ልትስቅ ጀምራ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጤና ጣቢያ ነግረውናል እኮ፣ እትዬ። በክር እንደማይተላለፍ፣ መድኃኒትሽን ስለምትወስጂም ቫይረሱ በምርመራ እንኳ እንደማይታይ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። እጄ ነው እንቢ ያለኝ።»

ኦሪፔን ከፋት። ግን እስከዛሬ ሰዎች ሰበብ ነበር የሚሰጧት፤ እጄ እንቢ አለኝ ያላት ማንም አልነበረም። ማንገቻውን አገላብጣ አየችና ለመጠገኛው ከገበያ ክር እንደምትገዛላት ነገረቻት።

«የገበያ ክር አይሆንም፤ ያንቺን ነው የምፈልገው» አለች ሎሊን። «እዚሁ ሥሪው፣ ልይሽ።»

ኦሪፔ ከቤቷ ልጥ አመጣች። ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰብስባ ጭኗ ላይ ክሩን ታከርር ጀመር፤ ሎሊን አጠገቧ ተቀምጣ የክሩን ጫፍ ያዘችላት፤ መጀመሪያ በሁለት ጣት፣ ኋላ በሙሉ መዳፏ። ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ ቢሉሙ ውስጥ ገብቶ ተሰቀለ፤ እንቅልፍም ወዲያው ወሰደው።

ሲነሣ ጀርባው ላይ ሮዝ መስመሮች ታትመውበታል። እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት ልጁን ምን ነካው ብላ ጠየቀች።

«የአክስቱ ቀለም ነው» አለች ሎሊን፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ከዚያ ልጁን ለኦሪፔ አቀብላ ለእራት ስኳር ድንች ልትቆፍር ወጣች።