ለአካፋ ፋብሪካ የተተከለ ድንኳን

፩

«…እናም፣ ውድ አድማጮቻችን፣ አሜሪካ አትወድቅም፣ ምክንያቱም»

፪

ምክንያቱም ምን? ብዕሩ እዚህ ላይ ቆመ። ጋሽ ምናላቸው ከ«ምክንያቱም» በኋላ የሚመጣውን ቃል ፍለጋ ወጥ ቤት ገብቶ ውሃ ጠጣ፤ ሳሎን ተመልሶ መነጽሩን ጠረገ፤ ከዚያም እንደ ሰሞኑ ልማዱ በመስኮት ወደ ጎረቤቱ ቤት አየ። የዴል መጋረጃ ዛሬም እንደተዘጋ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ሰውየውን ላስተዋውቅህ። ደብረ ማርቆስ ኢኮኖሚክስ ያስተምር ነበር። አሁን ኦሃዮ ውስጥ፣ ከኮሎምበስ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ የመጋዘን ተቆጣጣሪና የሐበሾች እድር ሊቀ መንበር ነው። ሳምንት በሳምንት በማኅበረሰቡ የኢንተርኔት ሬዲዮ «ኢኮኖሚና እኛ» የሚል ዝግጅት ያቀርባል። ስንት አድማጭ እንዳለው አይታወቅም። ባለቤቱ የሺመቤት ግን «አንዷ እኔ ነኝ፤ እሱም መኪና ውስጥ መሸሻ ሳጣ ነው» ትላለች።

የዚህ ሳምንት ርዕስ «የአሜሪካ ጽናት» ነው። ርዕሱን የመረጠው ፋብሪካው ሳይዘጋ በፊት ነበር።

፫

ፋብሪካው።

፬

ፋብሪካው አካፋ ይሠራ ነበር። የአፈር አካፋ፣ የበረዶ አካፋ፣ እጀታው ረጅም፣ እጀታው አጭር። ዴል በጉርምስናው ገብቶ በሽበቱ የወጣበት ቦታ ነው። ምናላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶ የወረደ ዕለት ደጁን በቤት መጥረጊያ ሊጠርግ ሲታገል፣ አጥሩን ተሻግሮ አካፋ የሰጠው እሱ ነው። አሰጣጡም ያለ ትምህርት አልነበረም። «በወገብህ አይደለም፣ በጉልበትህ!» እያለ ልክ እንደ ወታደር አሠለጠነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ አጥር ተደግፈው ሲከራከሩ ኖሩ። ሳይከራከሩ የዋሉ ዕለት የሺመቤት «አመመህ እንዴ?» ብላ ትጠይቀው ነበር። ከክርክሮቹ ሁሉ የበረታው ስለ ቀረጥ የተደረገው ነው።

፭

ከአጥሩ ላይ የተገኘ። (ማንም በመቅረጫ አልያዘውም። ምናላቸው ግን ሲበላም ሲተኛም በልቡ ስለሚደግመው ቃል በቃል ይታወቃል።)

ዴል፦ በመጨረሻ የሚያስብልን ተገኘ። ከውጭ በሚገባ ብረት ላይ ቀረጥ ተጣለ!

ምናላቸው፦ እናንተ አካፋውን ከምን ነው የምትሠሩት?

ዴል፦ ከብረት ነዋ።

ምናላቸው፦ ብረቱስ ከየት ይመጣል?

ዴል፦ ከካናዳ።

ምናላቸው፦ እህስ?

ዴል፦ እህስ አትበለኝ! አገር ሲታከም መጀመሪያ ያመዋል፣ ከዚያ ይጠነክራል።

ምናላቸው፦ መድኃኒቱ ካልገደለው።

ዴል፦ ይህቺ አገር አትሞትም፣ ሚን።

(«ሚን» ማለት ምናላቸው ነው። ዴል ከዚያ በላይ ሞክሮ አልሆነለትም።)

፮

እንደተፈራው ሆነ። ብረቱ ተወደደ፤ አካፋው ተወደደ፤ ሲገዛቸው የኖረው ትልቅ መደብርም ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። አንድ ዓርብ ከሰዓት የፋብሪካው በር ተዘጋ። ዴል የምሳ ሳጥኑን አንጠልጥሎ በእግሩ ወደ ቤቱ መጣ። ምናላቸው አጥሩ ዘንድ ቆሞ ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የአቅርቦትና የፍላጎት መስመር ሲያሰምር የኖረ ሰው፣ ትንበያው አንድ ቀን ሲሰምርለት አፉን መያዝ ይቸግረዋል። ይፈረድበታል? እንዴታ፣ ይፈረድበታል!

«ብዬህ ነበር» አለው።

ዴል አየው። ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ቢንኳኳ አይከፈትም። የሺመቤት በረንዳው ላይ ያስቀመጠችው ምግብ ሳይነካ ይመለሳል። ቆየት ብሎ ደግሞ ከፊት ለፊት ያለችው ሊንዳ ወሬ አመጣች። የዴል እህት አሪዞና ናት፤ ቤትህን ሽጠህ ና ብላዋለች፤ የሚመጣው ሰኞ የቤት ሽያጭ ወኪል ቤቱን ሊያይ ይመጣል። የዚያን ዕለት ምናላቸው ራት አልበላም። በአንድ ቃል ጓደኛውን ከቤቱም ከአገሩም ያፈናቀለ መሰለው።

፯

ረቂቅ ሁለት፦

«የአንድ አገር ጽናት በጠቅላላ ምርቷ ይለካል…»

ሰረዘው።

ረቂቅ ሦስት፦

«በክልላችን ሥራ አጥነት የጨመረው በነጥብ ሁለት በመቶ ብቻ ሲሆን…»

ይህንንም ሊሰርዝ ሲል እጁ ቆመ። ነጥቡን አየው። ከነጥቡ ወዲያ ያለውን ቁጥር አየው። ያ ቁጥር ዴል ነው። ጢሙን ሳይላጭ መጋረጃ ዘግቶ የተቀመጠው እሱ ነው።

ወረቀቱን ትቶ የእድር ስብሰባ ጠራ።

፰

ቃለ ጉባኤ። አጀንዳ፦ ጎረቤታችን ሐዘን ላይ ነው ወይስ አይደለም?

ወ/ሮ ውባለም (ገንዘብ ያዥ)፦ ደንቡ «አባል ሲሞት ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት» ነው የሚለው። ፋብሪካ ሲሞት የሚል አላየሁም።

አቶ ጉተማ (የጭነት መኪና ሾፌር)፦ ደግሞስ ዴል አባል ነው? መዋጮ ከፍሎ ያውቃል?

የሺመቤት፦ አካፋ ማን ሰጠህ ጉተማ?

አቶ ጉተማ፦ እሱማ… ዴል ነው።

ወ/ሮ ውባለም፦ ለኔም ሰጥቶኛል።

(ለካ ለሁሉም ሰጥቷል።)

ወ/ሮ ውባለም፦ ቢሆንም ሬሳ የለም። ሬሳ በሌለበት ምን ብለን ነው የምንቀመጠው?

የሺመቤት፦ ደጁን ዘግቷል። እህል አይቀምስም። ሰው አያናግርም። እናንተዬ፣ ይሄ ለቅሶ ካልሆነ ለቅሶ ምንድን ነው?

አቶ ጉተማ፦ ሊቀ መንበሩ ምን ይላሉ?

ሊቀ መንበሩ፦ (የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።)

ውሳኔ፦ ሬሳ ስለሌለ ገንዘብ አይወጣም። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ይወጣል።

፱

በአሜሪካዊ ጎረቤት ግቢ የለቅሶ ድንኳን ለመትከል፦

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ልበስ። ባለቤቱን ፈቃድ አትጠይቅ፤ ለቅሶ በፈቃድ አይደረስም። ድንኳኑን ሣሩ ላይ ትከል። ካስማ ስትመታ ከመሬት በታች ያለውን የውሃ ቧንቧ እንዳትበሳ።

በሳኸው?

ጉተማም በስቶታል። ድስት ደቅንበትና ቀጥል።

ወንበሮቹን በክብ ደርድር። ተቀመጥ። ሰው ሲመጣ ብድግ በል፤ ሲቀመጥ ተቀመጥ። አትሳቅ። ወሬ አታብዛ። ሐዘንተኛው እስኪወጣ ጠብቅ።

ሁሉንም በትክክል አደረጉት። አንድ ነገር ብቻ ማንም አላሰበም፦ ይህን የማያውቅ ሰው ከመንገድ ላይ ሆኖ ሲያየው ምን ይመስለዋል?

፲

መጀመሪያ ውሻ የምታናፍስ ሴት መጣች። ግቢ ውስጥ ድንኳንና ዕቃ ስታይ አሜሪካኖች በደጃቸው የሚያደርጉት የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ መሰላት። ገባች፣ ትልቁን ድስት አገላበጠችና ዋጋ ጠየቀች። ወይዘሮ ውባለም ገንዘብ ያዥነቷ አሸንፏት ልትነግራት ምንም አልቀራትም ነበር፤ የሺመቤት በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ቀጥላ ሊንዳ መንገዱን ተሻግራ መጣች። «ምን ሆናችሁ ነው?» ብላ ጉተማን ጠየቀችው። ጉተማ ወሬ አታብዛ ተብሏል። ስለዚህ አገጩን ወደ ዴል ቤት ቀና አድርጎ አሳያትና ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

ሊንዳ ጥቁር ልብሱን አየች። ዝምታውን አየች። ከሰነበተ የተዘጋውን መጋረጃ አየች። እጇን አፏ ላይ ጭና እያለቀሰች ሮጠች።

፲፩

ወሬ ክንፍ አለው፤ ኦሃዮ ውስጥ ደግሞ መኪናም አለው። ከተማው ሁሉ ዴል ሞተ ብሎ መጣ። የማካሮኒ ትሪ ተሸክመው መጡ። በፋብሪካው ቀለም ይቀቡ የነበሩት መጡ፤ እጀታ ይገጥሙ የነበሩት መጡ፤ ማሸጊያ ክፍል የነበረችው ሮንዳ መጣች። አለቃቸው የነበረው ሽማግሌ ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ። በዚያ ዓርብ ከተለያዩ ወዲህ እርስ በርስ ተያይተው አያውቁም ነበር። ሁሉም በየቤቱ መጋረጃውን ዘግቶ፣ የተዘጋው የኔ ብቻ ነው ብሎ ተቀምጦ ኖሯል።

ሐበሾቹ በመጡ ቁጥር ብድግ አሉላቸው። እንግዶቹም ግራ እየገባቸው ተቀመጡ። ከመካከላቸው ቀረጡን የደገፈ ነበረ፣ የተቃወመ ነበረ፤ በየመኪናው ላይ የተለጠፈው ይለያይ ነበር። ለቅሶ ቤት ግን ማንን መረጥክ ተብሎ ወንበር አይሰጥም።

ምናላቸው የዴል መሞት ሐሰት እንደሆነ ሊነግራቸው ብድግ ብሎ ነበር። ሮንዳ ቀደመችው።

«ጥሩ ሰው ነበር» አለች። «ባሌ ሲታመም የኔን ፈረቃ ሠርቶልኛል። ለማንም አልተናገረም።»

ቀለም ቀቢው ቀጠለ። «ልጄን መኪና መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። ልጄ የዴልን መኪና አጋጭቶበት እንኳ።»

ሽማግሌው አለቃ ተነሣ። «እኔ እስከማውቀው ድረስ ዴል አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።»

«አንድ ቀን አርፍጃለሁ!»

መጋረጃው ተከፍቷል። ዴል በፒጃማ፣ ጢሙ እንደ ባሕታዊ፣ ከመስኮቱ ወገቡ ድረስ ወጥቷል። «ያ ጎርፍ የመጣ ጊዜ! አንተ ራስህ ነህ ከደሞዜ የቆረጥከው!»

ሮንዳ ጮኸች። ጉተማ ሦስት ጊዜ አማተበ። ማካሮኒው ሣሩ ላይ ተደፋ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ውሻው መናገር አያስፈልግም።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ግን ሳቁ ድንኳኑን አልፎ መንገዱን ሞላው፤ ሮንዳ ስትስቅም ስታለቅስም ነበር። ለዴል ሁሉን ነገር ያስረዳችው የሺመቤት ናት። «አልሞትክም፤ እኛም ሞተ አላልንም። ግን ዕድሜህን የኖርክበት ፋብሪካ ሞቶብሃል። እኛ አገር ይሄ ሲሆን ሰው ብቻውን አይተውም» አለችው።

፲፪

ይህ ቁጥር ተነሥቷል።

ዴል በነጠላ ጫማ ሣሩን አቋርጦ ወደ ምናላቸው ሲመጣ የሆነውን ይዞ ነበር። የሺመቤት አንብባ «የባሌን እንባ ለገበያ አታወጣውም» አለችኝ። ልክ ናት። ወረቀቱን ለእሷ ሰጥቻለሁ።

፲፫

ከሰዓት ሆነ። ከማካሮኒው የተረፈውና የእድሩ ወጥ አንድ ሳህን ላይ ገቡ። ሽማግሌው አለቃ ሥራ ፍለጋ የሄደበትን ሁሉ ነገራቸው፤ ሌሎቹም የየራሳቸውን ነገሩ። አብዛኛው አሳፋሪ፣ ግማሹ የሚያስቅ ነበር። ምናላቸው ሲያዳምጥ «ምክንያቱም» ብሎ የተወው ወረቀት ትዝ አለው። እነዚህን ሰዎች ጽኑ ናቸው ብሎ ሬዲዮ ላይ ሊያመሰግናቸው ነበር። አሁን ሲያያቸው ግን ጽኑ አይመስሉም፤ ደክሟቸዋል። የደከመን ሰው ጽኑ ነህ ብሎ ማለፍ ትከሻውን መታ አድርጎ ሸክሙን እዚያው መተው መሰለው። ተናደደ፤ በቀረጡም፣ በመደብሩም፣ ከሁሉ በላይ በራሱ።

ዴል ከአጠገቡ ተቀመጠ።

«ብለኸኝ ነበር፣ ሚን።»

«ምነው ምላሴን በቆረጠው።»

«አይ። ልክ ነበርክ።»

«ልክ መሆን ምን ያደርግልኛል?»

«ለኔ ያደርግልኛል» አለ ዴል። «ከዚህ ሁሉ ሰው የሚሆነውን አስቀድመህ ያየኸው አንተ ነህ። እኔ ሞኙ ስቄብህ ነበር። አሁን አልስቅም። ሰኞ ወኪሉ ይመጣል። ቤቱን ልሽጥ ወይስ ልቆይ? ይህቺ ከተማ ትነሣለች? እንደ ጓደኛ አታባብለኝ። እውነቱን ንገረኝ።»

ሮንዳ ሹካዋን አስቀመጠች፤ እሷም ቤት አላት። አለቃው ጆሮውን አዘነበለ፤ እሱም ቤት አለው።

መምህሩ መልሱን ያውቃል። ፋብሪካ የሄደባት ከተማ የቤት ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ስንት ክፍል አስተምሮታል። ቀድሞ የሸጠ ይተርፋል። ሁሉም ቀድሞ ልሽጥ ያለ ዕለት ደግሞ ከተማዋ አለቀላት። ሁሉም ከቆዩ ምናልባት፣ ምናልባት ብቻ፣ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ያንን የሚያሰላ ቀመር ግን እሱ አልተማረም። ሽጥ ቢለው ጓደኛውን ያጣል። ቆይ ቢለውና ቢሳሳት የጓደኛውን ዕድሜ ሙሉ ላብ ያሳጣዋል።

የሺመቤትን አያት። ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም፤ እሷም መልሱን እየጠበቀች ነበር።

ዴል ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋው። ምናላቸውም መነጽሩን አወለቀና እንዲህ አለው (አንባቢ ሆይ፣ ባዶውን አንተ ሙላው)፦

፲፬

«

 

 

                                        »